ሜዲካል ቢሊንግና ኮዲንግ ለመማር፦ ከየት ይጀመራል? የትኛው ሰርተፍኬት ነው የሚያዋጣው?

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አሜሪካ ሜዲካል ቢሊንግና ኮዲንግ (የሕክምናን ሥራ በኮድ ጽፎ ከኢንሹራንስ ማስከፈል) ለመማር የሚያስብ ሰው ከየት ይጀምር? አንዱ ትምህርት ቤት «በ4 ወር ሰርተፍኬት ይዘሽ ትወጫለሽ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ፈተናው ለብቻው ነው ይላል። ሲፒሲ፣ ሲሲኤ፣ ሲሲኤስ፣ ሲፒቢ የሚባሉትስ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከቤት ሆኖ መሥራት ወዲያው ይቻላል? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልን። «ኮድ መፈለግ ነው» ከሚለው አለፍ ያለ፣ ሥራው ራሱ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አዜብ_ኮደር

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ቃል እንለይ። በአማርኛ ሁለቱንም «ሰርተፍኬት» ስለምንላቸው ሰው ይምታታበታል። ትምህርት ቤቱ የሚሰጥሽ ኮርሱን መጨረስሽን የሚመሰክር ወረቀት ነው። ቀጣሪው በማስታወቂያው ላይ የሚጠይቀው ግን የሙያ ማኅበር የሚያወጣውን ፈተና አልፈሽ ከስምሽ ቀጥሎ የምትጽፊውን ማዕረግ ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አይተካም። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ትምህርት ቤቱን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ የምታዘጋጁኝ ለየትኛው ፈተና ነው? የፈተናው ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ? የማኅበሩ አባልነትስ? የዘንድሮ የኮድ መጻሕፍትን ትሰጣላችሁ ወይስ እኔ ነኝ የምገዛው? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ማኅበራቱ በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ኤኤፒሲ እና አሂማ። ሲፒሲ የኤኤፒሲ ነው። የሐኪም አገልግሎት ኮድ የሚደረግበት ነው፤ ክሊኒክ፣ የግል ሐኪም ቢሮ፣ ሐኪሙ ሆስፒታል ውስጥ ለሠራው የሚያስከፍለው ሁሉ። ሲፒቢ የዚያው ማኅበር የቢሊንግ ፈተና ነው። ሲሲኤ የአሂማ መነሻ ደረጃ ሲሆን፣ ሲሲኤስ ከበድ ያለና ወደ ሆስፒታል ያደላ ነው፤ ተኝተው ለሚታከሙ ሰዎች የሚሠራበትን አይሲዲ-10-ፒሲኤስ የተባለ የሕክምና ሥራ ኮድ ማወቅን ይጠይቃል። አርኤችአይቲ የሚባለው ደግሞ እውቅና ካለው ኮሌጅ የሁለት ዓመት ዲግሪ ይፈልጋል፤ በአጭር ኮርስ አይገኝም።

ለጀማሪ የእኔ ምክር ሲፒሲ ነው፤ የሐኪም ቢሮዎች ከሆስፒታሎች ስለሚበዙ በሩ ሰፊ ነው። ፈተናው 100 የምርጫ ጥያቄ፣ 4 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 ከመቶ። መጽሐፍ ከፍተሽ ነው የምትሠሪው፤ ሦስት መጻሕፍት፦ ሲፒቲ (ሐኪሙ ለሠራው ሥራ)፣ አይሲዲ-10-ሲኤም (ለበሽታው) እና ሂክፒክስ (ለመድኃኒትና ለዕቃ)። ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይደርሳል። ሰው የሚወድቀው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ገጹን ሲፈልግ ሰዓቱ ስለሚያልቅበት ነው። መጽሐፉ ላይ በእጅ ማስታወሻ መጻፍና ገጽ ማመልከቻ መለጠፍ ይፈቀዳል፤ ወረቀት ማስገባት ወይም ተጨማሪ ማብራሪያ መለጠፍ አይፈቀድም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በምትፈተኚበት መጽሐፍ ላይ ተለማመጂ። እጅሽ ገጹን ይልመደው።

ካለፍሽ በኋላ ልምድ ከሌለሽ ማዕረግሽ ላይ «ኤ» ይጨመርበታል፤ ተለማማጅ ማለት ነው። የሚነሳው በሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ነው፤ ቢያንስ 80 ሰዓት የኮዲንግ ትምህርት መውሰድሽን ካሳየሽ እሱ እንደ አንድ ዓመት ይቆጠርልሻል። ስለዚህ ኮርስ ስትመርጪ ሰዓቱን እይ። ማዕረጉን ለማቆየት ደግሞ በየሁለት ዓመቱ 36 የቀጣይ ትምህርት ነጥብ ያስፈልጋል።

ዳላስ_03

አገር ቤት ነርስ ወይም ጤና መኮንን የነበረ ሰው ኮርሱን መዝለል ይችላል? በቀጥታ ለፈተና ቢቀርብስ?

አዜብ_ኮደር

ወንድሜ፣ የሰውነት ክፍሎችንና የሕክምና ቃላትን መዝለል ይችላል። ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት፣ ኦቶሚ መክፈት፣ ኦስቶሚ መውጫ ማበጀት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ኮሌክቶሚንና ኮሎስቶሚን አያደባልቅም፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። የኮዲንግ ሕጉን ግን መዝለል አይችልም።

እንዲያውም የሕክምና ሙያ ያለው ሰው የሚሳሳትበት የራሱ ቦታ አለ፤ ራሱ ይመረምራል። የላብራቶሪ ውጤቱ ላይ ሄሞግሎቢን ዝቅ ብሎ ያያል፣ ብረት እንደታዘዘ ያያል፣ የደም ማነስ ብሎ ኮድ ይሰጣል። ሐኪሙ «የደም ማነስ» ብሎ ካልጻፈ ኮድ የለም። ኮደር ከላብራቶሪ ቁጥር ተነስቶ በሽታ አይሰይምም። ማድረግ ያለበት ለሐኪሙ በጽሑፍ ጥያቄ መላክ ነው፤ ጥያቄውም የሚመራ መሆን የለበትም። «በሽተኛዋ የደም ማነስ አለባት፣ ይጻፉልን» ማለት ስህተት ነው። ትክክሉ «ሄሞግሎቢን ይህን ያህል ነው፣ ብረት ታዟል፤ የታከመው ሁኔታ ምን እንደሆነ ቢያብራሩልን» ነው።

ሁለተኛው፣ «ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል» የሚል ማስታወሻ ነው። ተመላላሽ ሕክምና ላይ «ሊሆን ይችላል»፣ «ይጠረጠራል» የተባለ በሽታ ኮድ አይደረግም፤ ምልክቱን ነው የምትጽፈው፤ ሳሉን፣ ትኩሳቱን። ተኝቶ ለታከመ ሰው ግን ሆስፒታሉ ሲያስከፍል ደንቡ ይገለበጣል፤ ሲወጣም እንደተጠረጠረ ከሆነ፣ ከጥቂት በሽታዎች በቀር፣ እንዳለ ተቆጥሮ ይጻፋል። ፈተናው ላይም ሥራው ላይም ይህን የሚያደባልቅ ብዙ ነው።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ማስታወሻ ይዛችሁ እስከ ኮዱ ድረስ ብትወስዱን?

ቀለም_ቀንድ

እሺ፣ በየቀኑ የሚመጣውን ልውሰድ። ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ «ዓይነት 2 ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ደረጃ 3ኤ፤ ሜትፎርሚን ይቀጥል፤ የግፊት መድኃኒቱ ይቀጥል፤ ከ3 ወር በኋላ ይታይ።»

ጀማሪ ሦስት በሽታ አይቶ ሦስት ኮድ ያወጣል፦ ኢ11.9፣ አይ10፣ ኤን18.31። ሁለቱ ስህተት ናቸው። የአይሲዲ ደንብ በማውጫው «ከ... ጋር» በሚለው ቃል ሥር ለተጠቀሱት በሽታዎች ግንኙነት እንዳለ አድርጎ ይወስዳል፤ ሐኪሙ «ስኳሩ ነው ኩላሊቱን ያመመው» ብሎ ባይጽፍም እንኳ። ግንኙነቱ የሚቀረው ሐኪሙ በግልጽ «ከዚህ የመጣ አይደለም» ካለ ብቻ ነው። ለደም ግፊትና ለኩላሊትም እንደዚሁ። ትክክለኛው እንግዲህ፦ ኢ11.22፣ ለስኳር የኩላሊት በሽታ፤ አይ12.9፣ ለግፊት የኩላሊት በሽታ፤ ኤን18.31፣ ለደረጃው፤ ዚ79.84፣ በአፍ የሚወሰድ የስኳር መድኃኒት ስለሚጠቀም። ኢንሱሊንም ቢወስድ ዚ79.4 ይጨመራል።

ይህን ከማውጫው ብቻ አታገኚውም። ማውጫው በሩን ያሳያል፤ ኮዱን የምትወስኚው ዝርዝሩን ገልጠሽ ከኮዱ ሥርና ከምዕራፉ ራስጌ ያለውን ማስታወሻ አንብበሽ ነው። ኢ11.22 ሥር «ደረጃውን የሚያሳይ ተጨማሪ ኮድ ተጠቀም» ይላል። «ኤክስክሉድስ 1» ካለ ሁለቱ አብረው አይሄዱም፤ «ኤክስክሉድስ 2» ካለ ግን ሁለቱም ካሉ ሁለቱም ይጻፋሉ። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ያልፋቸዋል፤ በቀለም አስምሪባቸው።

ለጉብኝቱስ? ይህ ሰው ነባር ነው እንበል። ከ2021 ጀምሮ የቢሮ ጉብኝት ደረጃ የሚለካው በሕክምና ውሳኔው ክብደት ወይም ሐኪሙ በዚያ ቀን ባጠፋው ጠቅላላ ጊዜ ነው፤ የቀድሞው የታሪክና የምርመራ ነጥብ ቆጠራ ቀርቷል። ውሳኔው ሦስት መለኪያ አለው፤ ሁለቱ ከተሟሉ ይበቃል። የተረጋጉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሥር የሰደዱ በሽታዎች መካከለኛ ናቸው፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒትን መከታተልም መካከለኛ ነው። ስለዚህ 99214። ግን ልብ በሉ፤ የመድኃኒት ዝርዝር ተገልብጦ መለጠፉ መከታተል አይባልም። ሐኪሙ አይቶ «ይቀጥል»፣ «ይጨመር» ማለቱ ከበሽታው ጋር ተያይዞ መጻፍ አለበት። በጊዜ ከሆነ 99213 ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ 99214 ቢያንስ 30፣ 99215 ቢያንስ 40 ነው፤ የነርሷ ጊዜ አይቆጠርም።

የክሌም_ሰው

ቀለም ቀንድ ጥሩ አድርጎ አሳይቷል። እኔ ገንዘቡ የሚጠፋበትን ልጨምር።

የጉልበት መርፌን እንውሰድ። የቀኝ ጉልበት አርትራይተስ፣ ትሪያምሲኖሎን 40 ሚሊግራም፣ ያለ አልትራሳውንድ። ሥራው 20610 ነው፤ ቀኝ መሆኑን የሚያሳይ አርቲ ሞዲፋየር (ከኮዱ ጋር የሚጨመር ሁለት ፊደል ወይም አሃዝ) ይከተለዋል። በሽታው ኤም17.11። መድኃኒቱ ጄ3301። ጄ3301 የሚቆጠረው በ10 ሚሊግራም ስለሆነ 40 ሚሊግራም 4 ዩኒት ነው። አንድ መርፌ ስለሆነ 1 ብሎ የሚጽፍ ሰው ክሊኒኩ ገዝቶ ካስገባው መድኃኒት ሦስት አራተኛውን በነፃ ይሰጣል፤ ክሌሙ (ለኢንሹራንሱ የተላከው የክፍያ ጥያቄ) ስለሚከፈልም ማንም አይነቃበትም። 40 ብሎ የሚጽፍ ደግሞ ከልክ በላይ አስከፍሏል። የጄ ኮድ በሙሉ እንዲህ ነው፤ መጠኑን ከኮዱ ገለጻ ላይ ሳታነቡ ቁጥር አትጻፉ።

ጠርሙሱ የአንድ ጊዜ መጠን ያለው ከሆነ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ሌላም ይፈልጋል፤ ምንም ካልተጣለ ጄዚ ሞዲፋየር፣ የተጣለ ካለ ለተጣለው መጠን በሌላ መስመር ጄደብሊው። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሆነው) ደግሞ ኤንዲሲ የተባለውን የመድኃኒቱን መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ በክሌም ላይ 11 አሃዝ በ5-4-2 ነው የሚጻፈው፤ ማሸጊያው ላይ ያለው 10 ከሆነ በጎደለው ክፍል መጀመሪያ ላይ ዜሮ ይጨመራል።

ከመርፌው ጋር የጉብኝት ኮድ ማስከፈልስ? ሐኪሙ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ከሠራ ብቻ፣ ለምሳሌ በዚያው ቀን ስኳሩንም አይቶ መድኃኒት ከቀየረ። ያኔ ጉብኝቱ ላይ 25 ሞዲፋየር ይገባል። ለመርፌው ቀጠሮ ይዞ መጥቶ ተወግቶ ከሄደ ጉብኝት የለም፤ መርፌውን ለመስጠት የተደረገው ምርመራ በ20610 ውስጥ ተከፍሏል። 25ን በዘልማድ የሚለጥፍ ቢሮ ኦዲት ሲመጣ ገንዘብ መላሽ ነው።

ብርሃን_አትላንታ

ሌላው ጀማሪ የማይለየው ሪጀክትና ዲናይ ነው። ሪጀክት የሆነ ክሌም ኢንሹራንሱ ጋ አልደረሰም፤ ክሊሪንግሃውሱ (ክሌሙን ለኢንሹራንሱ የሚያስተላልፈው ድርጅት) ወይም የመግቢያው ማጣሪያ መልሶታል። አስተካክሎ እንደ አዲስ መላክ ነው። ዲናይ የሆነው ግን ታይቶ ቁጥር ተሰጥቶት የተከለከለ ነው። እሱን እንደ አዲስ ብትልኩት ሲኦ-18 በሚል የመልስ ኮድ፣ ድግግሞሽ ተብሎ ይመለሳል። የክሌም ቅጹ ሳጥን 22 ላይ 7 ቁጥርንና የመጀመሪያውን ክሌም ቁጥር ጽፋችሁ ማስተካከያ ላኩ።

የክሌም_ሰው

ብርሃን፣ ይህ ለግል ኢንሹራንሶች ትክክል ነው። ለሜዲኬር ፓርት ቢ (የሐኪም አገልግሎት የሚከፍለው ክፍል) ግን 7 አይሠራም። እዚያ ትንሽ የጽሕፈት ስህተት ከሆነ ክሌሙ እንዲከፈት በስልክ ወይም በጽሑፍ ይጠየቃል። ሲኦ-16 ኤምኤ130 ከሚባለው የማብራሪያ ኮድ ጋር ከመጣ ደግሞ ክሌሙ ጉድለት ስላለበት አልታየም ማለት ነው፤ ይግባኝ አይባልበትም፣ ተስተካክሎ እንደ አዲስ ይላካል። በውሳኔው ካልተስማማችሁ የመጀመሪያው ይግባኝ በ120 ቀን ውስጥ ነው።

ብርሃን_አትላንታ

ልክ ነህ፣ ለፓርት ቢ ያልከው ይሁን። እርማቱን አመሰግናለሁ።

የዲናይ ኮዶቹን ላስቀምጥ። ሲኦ የሚለው ፊደል በውሉ መሠረት ክሊኒኩ የሚሸከመው ነው፤ ወደ በሽተኛው አይተላለፍም። ፒአር የበሽተኛው ድርሻ ነው፤ ፒአር-1 ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት የሚከፍለው)፣ ፒአር-2 ኮኢንሹራንስ (በመቶኛ የሚከፍለው)፣ ፒአር-3 ኮፔይ (በየጉብኝቱ የሚከፍለው የተወሰነ ገንዘብ)። ሲኦ-45 የተለመደው ቅናሽ ነው፤ መፍራት የለም። ሲኦ-97 አገልግሎቱ በሌላው ውስጥ ተካቷል ማለት ነው፤ «የተለየ ሥራ ነው» የሚለውን 59 ሞዲፋየር ከመለጠፋችሁ በፊት አብረው የማይከፈሉ የኮድ ጥንዶችን የሚዘረዝረውን የኤንሲሲአይን ሠንጠረዥ ተመልከቱ። ጥንዱ አጠገብ 0 ካለ በምንም ሞዲፋየር አይፈታም፤ 1 ካለ ማስታወሻው የተለየ ቦታ ወይም የተለየ ጊዜ መሆኑን ካሳየ ይፈታል። ሲኦ-197 ቅድሚያ ፈቃድ አልተጠየቀም ነው። ሲኦ-29 ጊዜው አልፏል ነው። ሜዲኬር ከአገልግሎቱ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይሰጣል፤ የግል ኢንሹራንሶች እንደ ውላቸው ነው፣ 90 ቀን ብቻ የሚሰጡም አሉ። የክሊሪንግሃውሱን የመቀበያ ማረጋገጫ ማስቀመጥ ያለባችሁ ለዚህ ነው፤ «በጊዜው ልከናል» ብሎ መከራከሪያው እሱ ብቻ ነው።

ሐበሻ_ፍሮንትዴስክ

የእኛ ሰው የሚታከምባቸው ክሊኒኮች ላይ ለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስም። የአባት ስም ነው የመጨረሻ ስማችን፤ ስለዚህ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም አይገጥምም። አባቱ «ከበደ ተስፋዬ» ከሆነ ልጁ «ዮናስ ከበደ» ነው። ይህን የማያውቅ የመዝገብ ሠራተኛ የልጁን ስም «ያስተካክላል»፤ ዮናስ ተስፋዬ ያደርገዋል። ክሌሙ ተመላሽ ነው። ሳጥን 2 የበሽተኛው፣ ሳጥን 4 የባለ ኢንሹራንሱ ስም ነው፤ ሁለቱ መለያየታቸው ችግር አይደለም፣ ከካርዱ መለየታቸው ነው ችግሩ። «ገብረ ማርያም»ም በላቲን ፊደል አንድ ቃል ሆኖ ከተመዘገበ አንድ፣ ሁለት ከሆነ ሁለት ነው። የልደት ቀንም በቃል ከጠየቃችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚነግራችሁ አለ። የሚታመነው ካርዱና ከኢንሹራንሱ የሚመጣው የብቁነት መልስ ነው፤ ከቀጠሮው በፊት አጣሩ።

የሜዲኬር ቁጥር ደግሞ 11 ፊደልና አሃዝ ነው። ኦ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤስ፣ ቢ እና ዚ የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በውስጡ የሉም። ስለዚህ ኦ የሚመስል ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው።

አዜብ_ኮደር

ይህ የፍሮንት ዴስክ ነገር ለሰላም ሦስተኛ ጥያቄም መልስ ይሆናል። ከቤት ሆኖ መሥራት አለ፤ ግን ለ«ኤ» ባለ ማዕረግ ከመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ ቢሮ ማግኘት ከባድ ነው። ሥራውን የሚያርም ሰው አጠገብሽ ያስፈልግሻል። መዝገብ ላይ፣ ክፍያ መመዝገብ ላይ ወይም ዲናይ መከታተል ላይ ግቢ። በተለይ ዲናይ መከታተል ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ኮዱ ለምን እንደወደቀ በየቀኑ ታነቢያለሽ። «ሳትፈተኚ ከቤት ሥራ እናስገባሻለን፣ ብቻ ለሶፍትዌሩ ክፈይ» የሚል ካለ አትክፈይ።

ለአጠናኑ ቅደም ተከተል፦ ቃላትና የሰውነት ክፍሎች፣ ከዚያ የአይሲዲ ደንቡ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ፣ ከዚያ ሲፒቲ። የአንዳንድ አይሲዲ ኮዶች ሰባተኛው ፊደል ላይ ቆይ፤ እዚያ «ኤ» የመጀመሪያ ጉብኝት ማለት አይደለም፣ ሕክምናው ገና በሂደት ላይ ነው ማለት ነው። ኮዱ አጭር ሲሆን ባዶው በኤክስ ይሞላል፤ ቲ78.40ኤክስኤ ላይ እንዳለው። ደግሞ አይሲዲ በየጥቅምት 1፣ ሲፒቲ በየጥር 1 ይታደሳሉ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር)፤ ርካሽ ብለሽ ያለፈ ዓመት መጽሐፍ አትግዢ።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ገብቶኝ እንደሆነ ልፈትን፤ ሁለቱም ጉልበት በአንድ ቀን ቢወጋ፣ ለእያንዳንዱ 40 ሚሊግራም ቢሆን፣ መድኃኒቱ 8 ዩኒት ነው? በሽታውስ ኤም17.11 እና ኤም17.12 አብረው ይጻፋሉ?

የክሌም_ሰው

8 ዩኒት ልክ ነው። በሽታው ግን አይደለም፤ የሁለቱም ጉልበት የራሱ ኮድ አለው፣ ኤም17.0። አንድ ኮድ ነው የሚጻፈው። ሥራውን ለሜዲኬር በአንድ መስመር 20610 ከ50 ሞዲፋየር ጋር፣ 1 ዩኒት አድርጊው፤ አንዳንድ የግል ኢንሹራንሶች ግን አርቲና ኤልቲ ብለሽ በሁለት መስመር እንድትልኪ ይፈልጋሉ፣ የከፋዩን መመሪያ እይ። ከመላክሽ በፊት ደግሞ ማስታወሻውን ክፈቺ፤ ለቀኝ 40፣ ለግራ 40 ተብሎ ለየብቻ ካልተጻፈና «ሁለቱም ጉልበት ተወጋ» ብቻ ካለ፣ 8ቱን ዩኒት የሚደግፍልሽ ነገር ስለሌለ ወደ ሐኪሙ መልሺው።